የአረጋውያን መጦሪያን በበጎ ፈቃድ ለማገልገል፦ ለጅማ ተማሪዎች

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው። ከዶርም ልጆች ጋር ተሰባስበን ጅማ ውስጥ ወዳለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሄድን። 14 ነበርን። ኬክ ይዘናል፣ ለስላሳ ይዘናል፣ ሞንታርቦ ሳይቀር ተከራይተናል። ሁለት ሰዓት ያህል ጨፈርን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ወጣን። በር ላይ አንዲት እማማ እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ መቼ ትመጫለሽ?» አሉኝ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩ። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

ቅዳሜ አልሄድኩም። ሚድ ደረሰ፣ አሳይመንት ተደራረበ። ስመለስ አምስት ሳምንት አልፎ ነበር። እማማ አልተቆጡኝም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ቆሎ አወጡ። «ለቅዳሜ ብዬ ያስቀመጥኩልሽ ነው» አሉኝ። የዝናብ ወራት ስለነበር ቆሎው ለስልሷል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አንድም ሳላስቀር በላሁት።

ከዚያ በኋላ እስክመረቅ ተመላለስኩ። መጦሪያ የገባ ሰው በሕይወቱ ብዙ ሰው ተለይቶታል። መጥቶ የሚጠፋ ወጣት ያንኑ መለየት ይደግምበታል። ስለዚህ ትንሽ ቃል ግቡ፣ የገባችሁትን ጠብቁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ጊዜያችሁን ቁጠሩ

የሴሚስተሩን ፕሮግራም ዘርግታችሁ እዩ። ሚድ መቼ ነው? ፋይናል መቼ ይጀምራል? አታችመንት ወይም ኢንተርንሺፕ አለ? እነዚህን ሳምንታት ሰርዙ። በቀሩት ላይ በየ15 ቀኑ አንድ ከሰዓት ያዙ። 16 ሳምንት ካለው ሴሚስተር ፈተናው ሲወጣ ስድስት ጊዜ ገደማ ይተርፋችኋል። ስድስት ያንሳል አትበሉ። ስድስቱንም ጊዜ በሰዓቱ የመጣ ልጅ፣ በየሳምንቱ እመጣለሁ ብሎ ሁለቴ ታይቶ ከጠፋው በብዙ ይሻላል።

ቀጥሎ ለምን እንደምትሄዱ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቢቲፒን፣ ማለትም ማኅበረሰብ ተኮር የተግባር ሥልጠናውን ያውቃል። በቡድን ማኅበረሰቡ ውስጥ ወርዶ፣ ቤት ለቤት ጠይቆ፣ ሪፖርት ጽፎ ማርክ ይያዝበታል። ጥሩ ትምህርት ነው፣ እኔም ብዙ አግኝቼበታለሁ። በጎ ፈቃድ ግን ሌላ ነው። መጠይቅ ይዛችሁ አትግቡ። ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ መሰብሰብ ካሰባችሁ፣ ያ በዲፓርትመንትና በሥነ ምግባር ኮሚቴ በኩል የሚያልፍ የራሱ መንገድ አለው። በበጎ ፈቃደኝነት ስም ገብቶ መረጃ መልቀም አረጋውያኑንም ቤቱንም ማታለል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዓል ላይ አትጀምሩ። በገና፣ በፋሲካ፣ በኢድ ሰው ይጎርፋል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 20 ወይም 21 የሚውለው ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀንም እንደዚሁ ነው። ጭር የሚለው ከበዓል በኋላ ያለው ተራ ቅዳሜ ነው። እናንተ የምትፈለጉት ያን ቀን ነው።

2. ቤቱን ማግኘት

በአገራችን አብዛኛው አዛውንት የሚኖረው በገዛ ቤቱ፣ ከልጅና ከልጅ ልጅ ጋር ነው። መጦሪያ የሚገባው በአብዛኛው ጧሪ ቀባሪ ያጣው ነው። ስለዚህ ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም ማስታወቂያ አይለጥፉም። የት እንዳሉ የሚያውቁት ቀበሌው፣ የከተማው ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ የመስጊድ ጀመዓና የእድር ዳኞች ናቸው። እኔ አድራሻውን ያገኘሁት ከባጃጅ ሾፌር ነው።

ቤቶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አረጋውያንን ብቻ የሚይዝ አለ። ከጎዳና የተነሡ የአእምሮ ሕሙማንንም አብሮ የሚንከባከብ አለ። የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ፣ ሥራው ይለያያልና።

ለግቢያችሁ የሚቀርብ መጦሪያ ካጣችሁስ? ብቻቸውን የሚኖሩ አባትና እናት በየሰፈሩ አሉ። ሄርማታም ቦሳ ቂጦም አይጠፉም። እድሩን ጠይቁ። ግን የማያውቋችሁን ሰው በር ብቻችሁን አታንኳኩ። የሚያውቁት ጎረቤት ወይም የእድር ሰው ይውሰዳችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ያው ነው።

3. ሄዳችሁ ጠይቁ

ስልክ ካላቸው ደውላችሁ ቀን አስይዙ። ከሌላቸው በሥራ ቀን ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ሂዱ። ቁርስና ገላ መታጠብ ያልቃል፣ ምሳ ገና ነው። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አሥር ሆኖ የመጣ ቡድን ፕሮግራም ሊያደርግ የመጣ ይመስላል።

መጀመሪያ የምታገኙት ጥበቃውን ነው። እንደ ሰው ሰላም በሏቸው። ጅማ ናችሁና ጠዋት ከሆነ «አካም ቡልተን» ማለት ይልመድባችሁ። ኦሮምኛችሁ ቢሰበርም ግድ የለም። እኔ ከማንም በላይ የረዱኝ ጥበቃው ናቸው። «ዛሬ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሐሙስ ተመለሺ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ሐሙስ ዕለት ወንበር ያቀረቡልኝም እሳቸው።

ኃላፊው ወይም አስተባባሪው ፊት ስትቀርቡ ንግግራችሁ አጭር ይሁን። እኔ እንዲህ ነበር ያልኩት፦

«ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነፃ ነኝ፣ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ። ሰው የሚያንሳችሁ ሥራ ላይ ላግዝ እፈልጋለሁ። ልብስ ማጠብም ቢሆን እሠራለሁ። መታወቂያዬና የትብብር ደብዳቤዬ ይኸው።»

«ሙዚቃ እናመጣለን፣ እናዝናናቸዋለን» ብላችሁ አትጀምሩ። ቤቱ የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ራሱ ቤቱ ነው። ምናልባት የቸገራቸው አንሶላ የሚያጥብ እጅ ይሆናል፣ ምናልባት ጋዜጣ የሚያነብላቸው ሰው። ጠይቃችሁ እወቁ።

ሊጠራጠሯችሁም ይችላሉ። አትከፉ። የአረጋውያንን ፎቶ አንሥቶ በስማቸው ገንዘብ የሚለምን ሰው አለ። በኃላፊው ቦታ ብሆን እኔም እጠነቀቃለሁ። «እስቲ እናስብበት» ካሏችሁ መቼ ብመለስ ይሻላል ብላችሁ ቀን ጠይቁ፣ በዚያው ቀን ተገኙ። ብዙ ጊዜ ፈተናው ይኼው ነው። «አይሆንም» ካሉም አመስግናችሁ ውጡ፣ ቤታቸው ነውና።

4. ደብዳቤው

እኛ አገር ማኅተም ያለበት ወረቀት በር ይከፍታል። ከዲፓርትመንታችሁ ወይም ከተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ጠይቁ። ጥቂት ቀን ሊወስድ ስለሚችል ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሆናችሁ ከትምህርት ቤቱ አጽፉ፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ የወላጅ ፈቃድም ጨምሩበት። ከእሱ ጋር የራሳችሁን ማመልከቻ አያይዙ። ከግማሽ ገጽ አይብለጥ።

*ቀን፦ …………*
*ለ………… አረጋውያን መጦሪያ ማዕከል*
*ጅማ*
*ጉዳዩ፦ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ስለመጠየቅ*

*እኔ ………… በ………… ትምህርት ክፍል የ…… ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ከ………… እስከ ………… ባለው ጊዜ ውስጥ በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 እስከ 10፡00 ሰዓት በማዕከሉ በነፃ ለማገልገል እጠይቃለሁ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እናገራለሁ። በጽዳት፣ በልብስ አጠባ፣ በወጥ ቤት ሥራ፣ በማንበብና አረጋውያኑን በማጫወት ማገዝ እችላለሁ። ማዕከሉ በሚመድብልኝ ሠራተኛ ሥር ሆኜ ደንቡን አክብሬ እሠራለሁ። በፈተና ሳምንታት ማለትም ከ………… እስከ ………… መምጣት እንደማልችል በቅድሚያ አሳውቃለሁ። የትብብር ደብዳቤና የመታወቂያ ኮፒ አያይዣለሁ።*

*ከሠላምታ ጋር*
*ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ*

የማትመጡባቸውን ሳምንታት የጻፋችሁበትን መስመር እንዳትሰርዙት። ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው አስባችሁበት እንደመጣችሁ የሚያውቀው ከእሱ ነው።

የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በቀበሌ ወይም በማኅበራዊ ጉዳይ በኩል የሚያልፍ ከሆነ በአፋን ኦሮሞም አዘጋጁት። በቁቤ ጥሩ የሚጽፍ የክፍል ጓደኛ ያንብብላችሁ። በቁቤ አንድ አናባቢ ሲጎድል ቃሉ ሌላ ይሆናል። ኮፒውን ራሳችሁ ጋ አስቀሩ።

5. ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

ከተፈቀደላችሁ በኋላ በዚያው ቀን አስተባባሪውን ጠይቁ። የሚያዘኝ ማነው? ሳልችል ስቀር ለማን ልደውል? የማልገባበት ክፍል አለ? ማን ስኳር አለበት፣ ማን ጨው ተከልክሏል? መውደቅ የሚያሰጋቸው እነማን ናቸው? የሚሏችሁን በልባችሁ ያዙ። የሰው በሽታና ስም ስልካችሁ ላይ አትጻፉ፣ ዶርም ውስጥም አታውሩ።

የሚከተሉትን ደግሞ ሳይነግሯችሁም እወቁ።

መድኃኒት አትስጡ፣ አንድ ፓናዶልም ቢሆን። ጤና ሳይንስ የምትማሩ ልጆች፣ ይኼ በተለይ ለእናንተ ነው። ደም ግፊት መለኪያ ይዛችሁ ልለካ አትበሉ። ነርስ ወይም ኃላፊ ካዘዛችሁ ብቻ።

የእግር ጥፍር መቁረጥ ቀላል እገዛ ይመስላል። ስኳር ያለበት ሰው እግር ግን ስሜቱ የደነዘዘ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጭረት ሳይታወቅ ቁስል ይሆናል፣ ለመዳንም ያስቸግራል። ሳትጠይቁ አትቁረጡ።

ሰው ከአልጋ ብቻችሁን አታንሡ። እሳቸውም ይወድቃሉ፣ ወገባችሁም ይሄዳል።

ጉንፋን ወይም ሳል ከያዛችሁ ደውላችሁ ቅሩ። እናንተን ሦስት ቀን የሚያስተኛ ጉንፋን አዛውንትን ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ፎቶ አትንሡ። ቤቱ ቢፈቅድም ፎቶ የሚነሣውን ሰው ራሱን ጠይቁ። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እሺ ቢልም ምን እንደፈቀደ ላያውቅ ይችላል። ይቅርባችሁ።

ምግብ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አስፈቅዱ። ጅማ ውስጥ የሙስሊምና የክርስቲያን አዛውንት ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ የሁለቱ ሥጋ ግን ይለያል። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ረመዳን፣ ሁሉንም አስቡ። ገንዘብ ካላችሁ ሙዝና ሳሙና ማንንም አያስቀይምም። የአዋቂ ዳይፐር ደግሞ ውድ ነው፣ አምስት ልጆች ተዋጥታችሁ አንድ እሽግ ብታመጡ ቤቱ እፎይ ይላል። ግን ባዶ እጃችሁን መሄድ አትፈሩ። የተጠራችሁት ለጉልበታችሁና ለጊዜያችሁ ነው።

6. የመጀመሪያው ቀን

ትርፍ ጫማ በፌስታል ያዙ። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው። ጭቃ ያለው ጫማ እናቶቹ ጠዋት የወለወሉትን ወለል ያበላሻል፣ እርጥብ ወለል ደግሞ ያንሸራትታል። ቀጫጭን ታኮ፣ የሚያንጓጓ ጌጥ፣ ኃይለኛ ሽቶ ይቅር።

የመጀመሪያ ቀን ድንች ላጪ ብትባሉ ላጡ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች ያሳለፍኩት አንሶላ እያጠብኩ ነው። ከተንከባካቢዎቹ ጋር የተግባባነው እዚያ ገንዳ ላይ ነው። ማን ምን እንደሚወድ፣ ማን ሲያለቅስ ዝም መባል እንዳለበት የነገሩኝ አረፋ ውስጥ እጃችንን ነክረን ነው።

ከአረጋውያኑ ጋር ስትቀመጡ ከፍታችሁን አስተካክሉ። አልጋ ላይ ያለን ሰው ቆሞ ማነጋገር ጥሩ አይደለም፣ አንገታቸውንም ያደክማል። ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ካለ ሳብ አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ዓይን ለዓይን እንድትተያዩ።

አትጩኹ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭን ድምፅ ነው። ስትጮኹ ድምፃችሁ ይቀጥናል፣ ጭራሽ አይሰማም። ወፈር፣ ዘግየት አድርጋችሁ ተናገሩ። ከንፈራችሁን ያዩት ዘንድ ፊት ለፊት ሁኑ፣ ብርሃኑ እናንተ ፊት ላይ ይረፍ። ካልሰሙ ያንኑ ቃል ከመደጋገም በሌላ ቃል ንገሯቸው።

አጠራራችሁን ራሳቸውን ጠይቁ። «ማን ልበልዎት?» በሉ። አንዱ አባባ፣ ሌላው ጋሼ፣ ሌላዋ እትዬ መባል ይወዳሉ። ሐጂ የሚባሉም አሉ። አንድ አባት መቶ አለቃ ስላቸው ብቻ ቀና ብለው ይቀመጡ ነበር። አንተና አንቺ ግን ከአፋችሁ አይውጣ፣ ራሳቸው «አንተ በለኝ» ቢሉ እንኳ።

ምን እናውራ ለምትሉ፦ «ዕድሜዎ ስንት ነው? ልጆች አሉዎት?» ብላችሁ አትጀምሩ። የልጅ ጥያቄ ቁስል ሊነካ ይችላል። ስለ ከተማው ጠይቁ። የሐሙስ ገበያ ድሮ እንዴት ነበር? ፈረንጅ አራዳ ያኔ ምን ይመስል ነበር? ቡና ለቀማ ወርደው ያውቃሉ? አንድ ጊዜ ይኼን የመጨረሻውን ጠየቅኩ። ለሳምንታት ቃል ያልወጣቸው እማማ እጃቸውን እንደ ቅርንጫፍ ዘርግተው፣ ቀይዋን ፍሬ ብቻ እንዴት እንደሚለቅሟት በጣታቸው አሳዩኝ። ሌላ ምንም አላወራንም።

የመርሳት ሕመም ካለባቸው አትከራከሩ። «እናቴ ልትመጣ ነው» ሲሉ «እናትዎ እኮ ሞተዋል» ማለት በየቀኑ አዲስ መርዶ መንገር ነው። «እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» በሏቸው። ያወሩላችኋል።

ቤቱ ከፈቀደ ቡና አፍሉ። ጅማ ላይ ቡና የተጠራበት ቦታ ሰው ይሰበሰባል። ቆልታችሁ ጭሱን አዙሩላቸው። ደም ግፊት ስላለባቸው መጠጣት የተከለከሉትም እጃቸውን ዘርግተው ጭሱን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። ለእነሱም ስኒ አቅርቡ፣ ሻይም ቢሆን ይቀዳበት።

ገንዘብ አትስጡ፣ አትበደሩም። «ከዚህ አውጪኝ» ወይም «ለልጄ ደውይልኝ» ቢሏችሁ ቃል አትግቡ። «ለኃላፊዋ እነግራለሁ» በሉ፣ በዚያው ቀን ንገሩ። ሰው ሲመናጨቅ ወይም ሲመታ ካያችሁም እንደዚሁ ለኃላፊው ንገሩ። ሰሚ ካጣችሁ ማኅበራዊ ጉዳይ ሂዱ። ዝም ብላችሁ እንዳትወጡ።

ስትወጡ «እመጣለሁ» አትበሉ። ቀኑን ተናገሩ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ» በሉ። የማትችሉ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ተንከባካቢዋ ስልኩን ለሚጠብቋችሁ አረጋዊ እንድትሰጥላችሁ ጠይቁ። የአንድ ደቂቃ ወሬ ነው።

7. ስትመረቁ

ተማሪ ይሄዳል፣ ይኼን እነሱም ያውቃሉ። የሚያሳዝነው ሳይናገሩ መሄድ ነው። የመጨረሻው ቀን ሦስት ጉብኝት ሲቀረው መናገር ጀምሩ። በየጉብኝቱ አስታውሱ፣ የሚረሱ አሉና።

ተተኪ ፈልጉ። ከታችኛው ባች አንድ ረጋ ያለ ልጅ ይኖራል። ኃላፊዋን አስፈቅዳችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች አብራችሁ ውሰዱት። ጥበቃውን ይተዋወቅ፣ አንሶላው የት እንደሚሰጣ ይይ። ማን ማን ተብሎ እንደሚጠራ በጆሮው ንገሩት።

እኔ የወሰድኳት ልጅ የአጋሮ ልጅ ነበረች። እማማ ዘንድ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። ስሟን ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። ሦስተኛው ላይ ያዙት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ቆሎውን ለእሷ ዘገኑላት።